በገዛ ጽሑፋቸው ላይ የመሰከሩት ሰው

የሞታቸውን ዜና ያገኘሁት በስልኬ ከገባ አጭር መልእክት ነው። የላከው አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ነው፤ ለሞተ ሰው እንኳ ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ የማያወጣ ቁጥብ ሰው። «ያ በፈጠራ ማስረጃ ጽሑፉ የተሰረዘበት ይርዳው ትናንት አረፈ። ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው።»

ዕድሜ ልኩን ሕግ ያስተማረ ሰው ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል።  መሞታቸው አንድ ድንጋጤ ነው። ሁለተኛው ድንጋጤ ከስማቸው ፊት የተለጠፈው ቅጽል ነው። ያ ማስረጃ ፈጠራ እንዳልነበረ የምናውቅ አራት ሰዎች ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሌላው ያን ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ ይቀበራሉ።

ጋሼ ይርዳውን ያወቅኋቸው በአንድ የሕግ ጆርናል የአማርኛ ጽሑፎች አርታኢ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ሥራዬ ባጭሩ የሕግ ምሁራንን አማርኛ ወደ አማርኛ መተርጎም ነበር። ስለ ሙያው ያለኝን አስተያየት አልደብቅም። አብዛኛው ጽሑፍ የሚጻፈው ለደረጃ ዕድገት ነው፤ የሚነበበው ደግሞ ሌላ ዕድገት ፈላጊ የሚጠቅሰው ሲያጣ ነው። ስለ መሬት ተጻፈ፣ ስለ ግብር ተጻፈ፣ ስለ ኢንተርኔት ተጻፈ፣ መደምደሚያው «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ነው። ሐኪም እንዲህ ቢል በሽተኛው ተነሥቶ ይሄድ ነበር።

ጋሼ ይርዳው መጀመሪያ ቢሮዬ የመጡት ያረምኩትን ረቂቃቸውን ይዘው ነው። አጠር ያሉ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ከአንድ ትከሻቸው የሚንሸራተት ሰው ናቸው።

«ቀይ እስክሪብቶው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«አሥራ ሁለት ቦታ ላይ ‹አልገባኝም› ብለህ ጽፈሃል።»

«አልገባኝማ።»

«እኔም እኮ አልገባኝም ነበር። ደፍሮ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።»

ሰፈራቸውን ስጠይቃቸው «አማኑኤል» አሉኝ፤ ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው «ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ» ሲሉ አከሉ። ይህን ቀልድ ለስንት ዓመት ለስንት ሰው እንደነገሩት ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሰው ሳይስቅላቸው ሲቀር ራሳቸው ይስቁለታል። ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ለማንበብና ለመናገር መነጽር ያደርጋሉ፣ ሰው ሲያወራ ያወልቁታል። «ማየት ከማዳመጥ ያዘናጋል» ይሉ ነበር።

ያን ቀን ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው «ሰኞ ከሰዓት ና፤ ዋና ገምጋሚዎቼን አስተዋውቅሃለሁ» አሉኝ።

ገምጋሚዎቹ መርካቶ፣ ሸማ ተራ ነበሩ። ሰኞ ከሰዓት ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሰርግ ስለማይኖር ጭራሽ ይተኛል። በዚያ ሰዓት ጋሼ ይርዳው እትዬ ዘነበች የተባሉ የነጠላና የጋቢ ነጋዴ ሱቅ ይገባሉ፤ በርጩማ ስበው ይቀመጡና የሚጽፉትን ጽሑፍ ጮክ ብለው ያነባሉ። አድማጮቹ እትዬ ዘነበች፣ ቆጡ ላይ በጥልፍ መኪና የሚሠራው ሸምሱ የተባለ ጎልማሳ፣ አልፎ አልፎም እግር የጣለው ደንበኛ ናቸው። ደንቡ አንድ ነው፦ ሰው የሳቀበት ዐረፍተ ነገር ይሰረዛል።

በሄድኩበት የመጀመሪያ ሰኞ ያነበቡት ስለ ኪራይ ሕግ ነበር። «ተከራይና አከራይ በእኩል የመደራደር አቅም ላይ ተመሥርተው…» ከማለታቸው ሱቁ በሳቅ ተናጋ።

«ኧረ ዶክተር፣ በአላህ ይድገሟት!» አለ ሸምሱ ከላይ።

እትዬ ዘነበች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «አንተ ዶክተር፣ አከራይህን አይተኸው ታውቃለህ? በእኩል ይቅርና በፊት ለፊቱ ቆመህ ታውቃለህ?» አሏቸው።

ጋሼ ይርዳው መነጽራቸውን አውልቀው ሁሉንም አዳመጡ። ከዚያ መልሰው አደረጉና ዐረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። «ለሦስት ገምጋሚ ሄዶ ሦስቱም አሳልፈውታል» አሉኝ በሹክሹክታ።

ሌላ ጊዜ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አነበቡ፤ ሰው ስልኩ ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን ሲጫን ፈቃዱን እንደሰጠ ይቆጠራል ወይ የሚል ጥያቄ ነው። እትዬ ዘነበች አላስጨረሷቸውም። «እኔ እንኳን ስልክ ነክቼ፣ ምሳ ብይ ስባል ሦስቴ ተለምኜ ነው የምስማማው» አሉ። ያን ጊዜ የሳቅነው እኛ ነን፤ ጋሼ ይርዳው ግን ቶሎ ቶሎ ይጽፉ ነበር። ያልተለመነ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም የሚል ክርክር አዘጋጁበት። እስከ ዛሬ በዚያ ጉዳይ ላይ ካነበብኩት ሁሉ የተሻለው አንቀጽ እሱ ነው፤ ከሥሩም እትዬ ዘነበች ተጠቅሰዋል።

መጥቀስ ላይ ግትር ነበሩ። «የፕሮፌሰሩን ገጽ ቁጥር ሳይቀር እጽፋለሁ፤ ነጋዴዋ ስትነግረኝ ለምን ‹አንዳንድ ነጋዴዎች› ትባላለች? ‹አንዳንዶች› የሚል ጸሐፊ ሌባ ነው» ይሉ ነበር። በዚህ እስማማ ነበር። እንዲያውም በጣም እስማማ ነበር፤ ጥፋቱም ከዚህ ነው የመጣው።

ትልቁ ጽሑፋቸው ከተማው ለነጋዴ ስለሚያከራያቸው ሱቆች ነው። ሕጉ አንድ ሱቅ ለአንድ ተከራይ ይላል፤ ተከራዩ ለሌላ ሰው አሳልፎ ካከራየ ውሉ ይፈርሳል። ገበያው ግን በቃል ተጋርቶ ነው የሚኖረው፤ አንዱ ግድግዳውን፣ አንዱ ቆጡን፣ አንዱ ደጃፉን። የጋሼ ይርዳው ክርክር ፖሊሲው ይህን ኑሮ ዐውቆ ይመዝግበው፣ ያለዚያ አንድ ተከራይ ሲቀጣ ሁለት ቤተሰብ ይበተናል የሚል ነበር። ለነጋዴው የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ረቂቁ ሲደርሰኝ «ይህ በገበያው የተለመደ ነው» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ጎን በቀይ ጻፍኩ፦ «ማስረጃ? የት? ማን?» በዚያ ማስታወሻዬ ኮርቼበት ነበር።

በቀጣዩ ሰኞ ጋሼ ይርዳው እትዬ ዘነበችን ጠየቁ። እትዬ ዘነበች ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቆጡን ለሸምሱ ሰጥተው ነው ልጃቸውን ያስተማሩት፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«የቆጡን ነገር ልጽፈው?» አሏቸው።

«ማን ያነበዋል ብለህ!» አሉ እትዬ ዘነበች። ሁላችንም ሳቅን። ጋሼ ይርዳው ይህን እንደ ፈቃድ ወሰዱት። ስለ ፈቃድ ያን የመሰለ አንቀጽ የጻፉት ሰው።

በግርጌ ማስታወሻው ላይ ለጥንቃቄ ስም አልጻፍንም። «ለምሳሌ ሸማ ተራ፣ በመደዳው ቆጥ ያለው ብቸኛ ሱቅ። ተከራይዋ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቆጡን ለጥልፍ ሠሪ አከራይተዋል። ከተከራይዋ ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ።» ይኸው ነው። ስም አልተጻፈም ብለን ተረጋጋን። በመደዳው ቆጥ ያለው ሱቅ አንድ ብቻ መሆኑን እዚያው ጽፈን።

ጽሑፉ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ዓርብ፣ ጋሼ ይርዳው ደወሉልኝ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። «ቶሎ ሸማ ተራ ና። ተነበብን» አሉ።

ስደርስ ሁለት የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ሱቁ ደጃፍ ቆመዋል። አንዱ ሜትር ይዟል። ሌላዋ ወጣት ናት፤ በእጇ የኛን ጽሑፍ አትማ ይዛለች፤ ገጾቹ በቢጫ ቀለም ተሰምረዋል። በሥራ ዘመኔ ያየኋት የጆርናላችን ብቸኛ እውነተኛ አንባቢ እሷ ናት። ጋሼ ይርዳውን ስታይ ፊቷ በራ።

«ዶክተር፣ ጽሑፍዎ በጣም ጥሩ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ነው ያነበብኩት። እያንዳንዱን የግርጌ ማስታወሻ።»

ሸምሱ ጁምዓ ሊሰግድ ሄዷል። የጥልፍ መኪናው ቆጡ ላይ ነው።

«መኪናው የኔ ነው» አሉ እትዬ ዘነበች።

«እትዬ፣ እዚህ ግን ቃለ መጠይቅ ይላል። የሰጡት እርስዎ ነዎት?» አለች ልጅቱ በትሕትና። ክፋት አልነበረባትም። ተከራይቶ ያከራየ ውሉ ይፈርሳል ይላል ደንቡ፤ እሷ ደንቡንም ጽሑፉንም አንብባለች።

እትዬ ዘነበች ጋሼ ይርዳውን ነበር የሚያዩት። ሱቁ ታሸገ፣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፣ ቅሬታ ካላቸው በአሥር ቀን ውስጥ እንዲያቀርቡ ተነገራቸው። እትዬ ዘነበች ሠራተኞቹ እስኪሄዱ ጠበቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉ፦

«ቤቴ ገብተህ የበላኸውን አልጻፍክም። የጠጣኸውን አልጻፍክም። ልጄን ያሳደግኩባትን ጻፍካት።»

  መንገዱን የሞላው ሰው ቆሞ ያየን ነበር።

በቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ቀን እኔ ትልቅ ክርክር ጠብቄ ነበር። አንድ የግርጌ ማስታወሻ ያለሌላ ማስረጃ ውል ማፍረስ አይችልም፣ ለጥናት የተሰጠ ቃል በሰጪው ላይ አይውልም፣ ሌላም ሌላም። ጋሼ ይርዳው ግን ባዶ እጃቸውን መጡ። አዳራሹ ውስጥ ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ እትዬ ዘነበች፣ ያቺ ልጅ፣ እኔ። ሸምሱ ውጭ ቆሟል።

ሰብሳቢው ሽበታም፣ ታጋሽ ሰው ናቸው። «ዶክተር፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እዚህ የተጠቀሰው ቃለ መጠይቅ ከእኚህ እናት ጋር የተደረገ ነው?»

«እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ የለም። ፈጥሬው ነው።»

መጀመሪያ ተሳስቼ የሰማሁ መሰለኝ። እትዬ ዘነበችም ቀና አሉ። ሰብሳቢው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ።

«ዶክተር፣ የሚሉትን ያውቃሉ? ቃለ ጉባኤ ይያዛል።»

«ይያዝ።»

«ለምን ይፈጥራሉ ታዲያ?»

«አርታኢው ማስረጃ አምጣ አለኝ። ማስረጃ አልነበረኝም። ሠራሁለት።»

ልጅቱ ብድግ አለች። «ግን ሱቁ ቆጥ አለው። መኪናውም አለ።»

«ቆጡን ከመንገድ አይቼዋለሁ። የቀረውን እኔ ጨመርኩበት። መኪናው የእሳቸው ነው ብለዋል፤ እኔ የማስተባብልበት ምንም የለኝም።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። አርታኢው እኔ መሆኔን ነገርኳቸው።

«የቃለ መጠይቁን ማስታወሻ አይተኸዋል?»

አይቼዋለሁ። ከአንድ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ፤ በሰማያዊ ደብተር፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ የእትዬ ዘነበች ቀልድ ሳይቀር ሰፍሮበታል። ሱቁ ውስጥም ነበርኩ። ጋሼ ይርዳው አላዩኝም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

«አላየሁም» አልኩ።

 ልጅቱ ተቀመጠች። በቢጫ ያሰመረችባቸውን ገጾች ጭኗ ላይ አስቀምጣ ለጋሼ ይርዳው ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እኔ እኮ እርስዎን አምኜ ነው» አለች። ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር። ጋሼ ይርዳው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሌላ የምትለው ካላት ለማዳመጥ። ሌላ አላለችም።

ሱቁ በማግስቱ ተከፈተ። ቃለ ጉባኤው ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው ተላከ። ጆርናሉ ጽሑፉን ሰረዘ፤ የስረዛውን ማስታወቂያ አማርኛ ያረምኩት እኔ ነኝ። ጥሩ አማርኛ ነበር፤ «ጸሐፊው ማስረጃ መፍጠራቸውን በራሳቸው አንደበት ስላረጋገጡ» ይላል። ጋሼ ይርዳው ሳይባረሩ ለቀቁ። በመምህራን ክበብ የድሮ ጽሑፎቻቸው ሁሉ እየተነሡ «ያኛውስ እውነት ነበር?» ይባል ጀመር። እድሜ ልካቸውን ሳይጠቅሱ የገለበጡ ሰዎች ስለ ምሁራዊ ሐቀኝነት ንግግር አደረጉ። እኔ ሻይዬን ይዤ ሰማሁ።

አንድ ቀን አማኑኤል ቤታቸው ሄጄ ለምን እንዳልተከራከሩ ጠየቅኋቸው።

«ሦስት ክርክር ነበረኝ» አሉ። «ሦስቱም ጥሩ ናቸው። በይግባኝ ሁለት ዓመት ይፈጃሉ። ሴትዮዋ ሁለት ዓመት ምን ትበላለች፤ ክርክሬን?»

«ነገ አንድ ተማሪ እውነተኛ ጥናት ሲያቀርብ ‹እንደ ይርዳው ፈጥረህ ይሆናል› ቢሉትስ?»

«ይሉታል። ልክ ነህ።»

ልክ መሆኔ ያን ቀን ምንም አልጠቀመኝም። ሰው ሲቃወመኝ መልስ አላጣም፤ ተቃውሞዬን ሁሉ የተቀበለኝን ሰው ግን ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬም ያደረጉት ትክክል ነው ለማለት አልደፍርም። ትክክል አልነበረም ብዬ ግን አንድ መስመር ልጽፍ ስሞክር እጄ እምቢ ይለኛል።

እትዬ ዘነበች ሱቃቸውን መልሰው ከፈቱ፤ ለጋሼ ይርዳው ግን አልከፈቱም። እሳቸው በመደዳው ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩባቸዋል። ሰላምታቸውን አይቀበሉም። ጋሼ ይርዳው ሥራቸውን ያጡት ለእሳቸው ሲሉ መሆኑን እያወቁ። ለጋሼ ይርዳው «ሽማግሌ ይላኩ እንጂ» አልኳቸው። እዚህ አገር ሰው የሚታረቀው እንዲህ ነው፤ ሦስት ሽማግሌ ይሄዳል፣ ስለ እግዚአብሔር ይላል፣ ተበዳይ እምቢ ይላል፣ ይለመናል፣ በመጨረሻ እሺ ይላል።

ጋሼ ይርዳው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሽማግሌ እግሯ ላይ ሲወድቅ እምቢ ማለት ትችላለች? አትችልም። በግዳጅ የተገኘ ይቅርታ ሁለተኛ በደል ነው። አንዴ ሳትለመን የሰጠችኝን ፈቃድ ይዤ አጥፍቻታለሁ። አሁን ደግሞ ተጨንቃ የምትሰጠኝን ምሕረት ልቀማት? ወዳ ስትመጣ ትምጣ።» ይህን ሐሳብ ጽሑፍ ቢያደርጉት ድንቅ ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መስመር አልጻፉም። ለአራት ዓመት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሰው እስኪመጣ ጠበቁ።

ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ፣ የማዝነው በሞታቸው ይሁን በተለጠፈባቸው ስም እያሰብኩ ተቀምጬ ነበር። እትዬ ዘነበች ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ በከዘራ ነው የሚራመዱት። ፊታቸው ክው ብሏል። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንተ፣ ያቺ ጽሑፍ አሁንም አለች?»

«አለች። ላይዋ ላይ ‹ተሰርዟል› ተብሎባታል።»

«ምን አደረገ ተብሎ?»

«ማስረጃ ፈጠረ ተብሎ።»

«ውሸታም እንደተባለ ነው የሞተው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

 «አሁን ይስተካከል» አሉ። «እውነቱ ይጻፍ። ሱቁን እኮ አስረክቤያለሁ።»

ደነገጥኩ። «መቼ?»

«ከፋሲካ በፊት። ጉልበቴ አልታዘዝ አለ። ሸምሱም ሌላ ቦታ ገብቶ ራሱን ችሏል። ቁልፉን በእጄ ሰጥቼ፣ ፈርሜ ወጣሁ። አሁን የሚወስዱብኝ የለም። ጻፈው፤ ስሜን ግን እንዳትጽፍ።»

እውነተኛ ስማቸው ዘነበች አይደለም። የሱቁም ነገር እዚህ እንደጻፍኩት ቆጥ አልነበረም፤ ይህን ያህል ተምሬያለሁ። ያን ሰዓት ግን የማስበው ሌላ ነበር። ከፋሲካ እስከዚያ ዕለት ወራት አልፈዋል። አንዲት ቃል ብትደርሳቸው ጋሼ ይርዳው ደብተራቸውን ይዘው ስማቸውን ማስመለስ ይችሉ ነበር። በሕይወት እያሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?» አልኳቸው። ድምፄ ከፈለግኩት በላይ ጮኸ፤ ሰው ዞር ብሎ አየን።

«አኩርፌው ነበራ!» አሉ። «ሽማግሌ ይልካል ብዬ ጠበቅኩት። በዓል በመጣ ቁጥር ዛሬ ይልካል እላለሁ። ለሽማግሌዎቹ የሚቀርበውን ሳይቀር አሰናዳ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልላከም። ንቆኛል አልኩ።»

«አልናቁዎትም፣ እትዬ። ሊያስገድዱዎት ስላልፈለጉ ነው። በሽማግሌ ተገደው ሳይሆን ወደው እንዲታረቁ ነበር የሚጠብቁት።»

እትዬ ዘነበች ትክ ብለው አዩኝ። ያልኩት የገባቸው ቀስ ብሎ ነው።

«ሳልገደድማ» አሉ፣ «እንዴት አድርጌ ልታረቀው?»